በእግር የተረጋገጠ

ሐሙስ ከምሳ በፊት የቢሮው ስልክ ጮኸ። ብቻዬን ስለነበርኩ አነሣሁት።

«‹ከተራራው ማዶ› መጽሔት ነው?» አሉ አንድ አዛውንት።

«አዎ፣ ነው።»

«ስለ ሉካ መንደር ልጠይቅ ነበር። ጀልባዋ ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምትነሣው? መነጽሬ ላይ ተቀምጬበት ትንንሹን ጽሑፍ ማንበብ አቃተኝ።»

ፊቴ ጋለ። «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» አልኳቸው።

«ውሻስ ትሳፈራለች?»

ስለ ውሻ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ትንሽ አሰብኩና «ጀልበኛው ውሻ የሚጠሉ አይመስለኝም» አልኩ።

«አይመስልሽም ወይስ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።» በዚህ ጉዳይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ሊኖር አይችልም ነበር።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ። ቬንያሚን እባላለሁ፣ ትራም ጠጋኝ ነበርኩ። እንግዲህ ቅዳሜ!» ብለው ዘጉት።

የመጨረሻውን ቃል እንደ ጨዋታ ወሰድኩት። ታሪኩን አንብበውት፣ ውስጡ ገብተውበት፣ አሁን ከእኔ ጋር ጨዋታውን የቀጠሉ መሰለኝ። ስለ ሉካ የሚያወራውን ልብ ወለድ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ያወጣሁት ግን ቬራ ሉጎቫያ በሚል ስም ነው። በቢሮው ውስጥ ማንም አያውቅም። ስለ ጽሑፌ ሰው ሲደውል ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ስለዚህ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ለብቻዬ ፈገግ እንዳልኩ ተቀምጬ ቆየሁ።

ከዚያ የመስከረም እትም እሽግ በሩ ሥር መቀመጡ ትዝ አለኝ። ፈታሁት። ታሪኬ ሰማያዊው ገጽ ላይ የለም። አረንጓዴው ላይ ነው፣ ገጽ አሥራ አራት፣ በግርጌው የጫማ ቅርጽ ያላት ትንሽ ምልክት ታትማበታለች።

«ከተራራው ማዶ» በኡራል ተራሮች ሥር ባለችው በቬርሺንስክ ከተማ በየወሩ ይታተማል። ሦስት ዓይነት ወረቀት አለው፦ አረንጓዴው ለጉዞ፣ ቡናማው ለአካባቢው ታሪክ፣ ሰማያዊው ለሳይንሳዊ ልቦለድ። አረንጓዴ ገጽ ላይ የሚወጣ ቦታ ሁሉ መጀመሪያ የመጽሔቱ እግረኛ በእግሯ ሄዳ ማየት አለባት። ጀልባ አለ ከተባለ ተሳፍራ፣ ምንጭ አለ ከተባለ ጠጥታ። ከዚያ በኋላ የጽሑፉ ግርጌ ላይ የጫማዋን ምልክት ታኖራለች። ትርጉሙ «በእግር የተረጋገጠ» ማለት ነው። ማተሚያው የወረቀቱን ቀለም የሚመርጠው በዚያች ምልክት ነው።

እግረኛዋ እኔ ነኝ። ካርታ ሥራ ለመማር ከአርባ ምንጭ መጥቼ፣ ከተመረቅሁ በኋላ እዚሁ ከተቀጠርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ እጄ ጽሑፍ በጨረሰ ቁጥር ምልክቷን ማኖር ለምዷል። ልብ ወለዱንም ስጨርስ አኖረው። እኔ አላየሁም።

ግላፊራ አርካዲየቭና ከምሳ ሲመለሱ መጽሔቱን ገጽ አሥራ አራት ላይ ገልጬ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩና ቆምኩ። አዘጋጇ እሳቸው ናቸው። ቆመው አነበቡት፣ ተቀምጠው ደግመው አነበቡት።

«ይቺን ቬራ ሉጎቫያን ፈልጊና ጥሪልኝ» አሉ። «ጆሮዋን ነው የምቆነጥጣት።»

«እዚሁ ናት።»

ዞረው በሩን አዩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

መጽሔቱን ዘጉት። ከዚያ የተቆጡ ጊዜ እንደሚያደርጉት ሙሉ ስሜን ጠሩ። «ትርሲት ይርዳዎቭና።» የተቀጠርኩ ዕለት የአባቴን ስም ጠይቀውኝ ይርዳው አልኳቸው፤ በዚያው ይርዳዎቭና ሆንኩ። በአባት ስም መጠራት ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ አዲሱ ጅራቱ ብቻ ነው። «ሰማያዊውን ገጽ የምመርጠው እኔ ነኝ። አጠገቤ ተቀምጠሽ እየጻፍሽ ምነው ደበቅሽኝ?»

«አዝነውልኝ እንዳያትሙት ብዬ።»

«ወድጄው ነበር» አሉ፤ አባባላቸው ግን ክስ ነበር። «ሉካ ሄደሻል?»

«በግንቦት ሄጄ ነበር።»

«ጀልባዋ አለች?»

«አለች። ዳር ላይ ተገልብጣ።»

«ቤተ መጻሕፍት ያልሽው ትምህርት ቤትስ?»

«ተቆልፏል። ባዶ ነው።»

«ስለዚህ ምልክቷ ውሸት ናት።»

«አዎ።»

ከእኔ በፊት ለሃያ ሦስት ዓመት እግረኛዋ እሳቸው ነበሩ፤ ቀኝ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ። መጽሔቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ባንቺ እግር ብቻ አይደለም የፈረምሽው። በእኔም ነው።»

ስለ ሉካ ለማያውቅ ሰው ይህን መናገር አለብኝ። ሹፌር አልባዎቹ መኪናዎች የሚሄዱት በቦታዎች መዝገብ ውስጥ ወዳሉ ቦታዎች ብቻ ነው። ፖስታም፣ ሐኪምም፣ መብራትም እንደዚሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሠላሳ እንግዳ ያልረገጠው ቦታ ይሰረዛል፤ የቀረ ነዋሪ ካለ ወደ ከተማ ይዛወራል። የሉካ ዓመት የሚዘጋው በመስከረም መጨረሻ ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት የተሰረዙት ዝርዝር ይደርሰናል። እኔ ስሞቹን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ግላፊራ አርካዲየቭና ቆመው ይሰማሉ። ከዚያ ሻይ እንጠጣለን፣ ሥራ እንጀምራለን። ባለፈው ሰኞ አሥራ ሰባት ነበሩ።

ሉካ ውስጥ የቀሩት አንድ ሰው ናቸው፦ ጀልበኛው ፕሮኮፊ ሳቬሊች። በግንቦት ስሄድ ትንሿ ታንኳቸው ላይ አሳፍረው አሻገሩኝ፣ መንደሩን አሳዩኝ። ስመለስ አረንጓዴው ገጽ ላይ ላወጣው እንደማልችል ነገርኳቸው። «የሚታይ ነገር የለም፣ ይቅርታ» አልኩ። «እኔስ?» አሉ። ልብ ወለዱን የጻፍኩት ለዚያ ጥያቄ ይመስለኛል። ዘመኑን አሥር ዓመት ወደፊት ወሰድኩት፤ ጀልባዋን አንሳፈፍኳት፣ ትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት አደረግሁት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዳ አመጣሁ፣ ዓሣ በሊጥ ጠቅልዬ የዓሣ ዳቦ ጋገርኩ። ለማሳመር ብዬ እንደ ጉዞ ጽሑፍ አቀናበርኩት፤ የመነሻ ሰዓት፣ የመንገድ አቅጣጫ፣ «ምን ይያዝ» የሚል ሳጥን ሳይቀር። ማተሚያው ዓመተ ምሕረቱን እንደ ስሕተት ቆጥሮ አርሞታል።

«ማረሚያ እናውጣ» አልኩ።

«ጥቅምት እስኪመጣ ሰዎቹ ከወንዝ ዳር ተመልሰው ጉንፋናቸውንም ጨርሰዋል። ሂጂ። ቅዳሜ ወንዙ ጋ ቆመሽ ለሚመጣው ሁሉ ራስሽ ንገሪ።»

«ሰው ፊት መናገር እኔ...»

«አውቃለሁ» አሉ ግላፊራ አርካዲየቭና፣ ወደ ወረቀታቸው እየተመለሱ። «ቦት ጫማሽን እንዳትረሺ።»

ዓርብ ጠዋት መኪና ጠራሁ። መድረሻዬን ስናገር «ሉካ ለስረዛ የቀረበ ነው፤ እስከ ድልድዩ ብቻ» አለኝ። ሁለት ሰዓት ተጓዝን። ድልድዩ ጋ ቆመና «ደርሰዋል» አለ። በግራ ጫካ፣ በቀኝ ጫካ ነው። ወረድኩ፤ ዞሮ ሄደ። ከዚያ ስድስት ኪሎ ሜትር በእግር ነው። መንገዱ የበርች ዛፎች ቅጠል ረግፎበት ቢጫ ሆኗል።

ወንዙ ዳር ከእንጨት ላይ የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ አለ። መታሁት። ፕሮኮፊ ሳቬሊች በታንኳቸው ቀዝፈው መጡ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ሲቀዝፉ ግን አይታወቅም።

«የሚታይ ነገር የለም ብለሽ አልነበር?» አሉ።

ማዶ ስንወርድ የመዝገቡን ምሰሶ አለፍን። እንግዳ የሚቆጥረው እሱ ነው። ሁለት ይላል፦ አንዲት ነርስና እኔ። በዓመት አንድ ሰው አንዴ ብቻ ስለሚቆጠር በእኔ አልተንቀሳቀሰም።

«ፍየሌን ስንት ጊዜ በፊቱ አመላለስኳት» አሉ ፕሮኮፊ ሳቬሊች። «ኮፍያ ሁሉ አድርጌላት ነበር። ምሰሶው አልቆጥርም አለ።»

መጽሔቱን ሰጠኋቸው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ረጅም ጊዜ ወሰደ። እኔ ቆሜ ነበር።

«ጢሜ ነጭ ነው ይላል።»

«ነው እኮ።»

«ግራጫ ነው።» ገጹን ገለጡ። «ገመዱን እየሳበ ይዘፍናል? ዘፍኜ አላውቅም።»

«ልብ ወለድ ስለሆነ ነው፣ ፕሮኮፊ ሳቬሊች። በስሕተት ነው የወጣው። ነገ ለሚመጡት እነግራቸዋለሁ። እርስዎንም ይቅርታ ልጠይቅ...»

«ስንት ሰው ይመጣል?»

«አንድ አውቃለሁ። ውሻ አላቸው።»

«ታዲያ በምን ይሻገሩ? ታንኳዋ ውሻዋንና እኔን ነው የምትችለው።» ተነሡና መጽሔቱን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ይቅርታሽን ነገ ትጠይቂያለሽ። አሁን ያንን ግንድ አንሺ።»

ጀልባዋ ጠፍጣፋ ናት፤ ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ የብረት ገመድ ላይ በእጅ እየተሳበች ነው የምትሻገረው። ሁለት ግንድ ከሥሯ አስገብተን እየፈነቀልን ገለበጥናት። ስንጥቆቿን በቃጫ ወትፈን የፈላ ሬንጅ አፈሰስንባቸው። ሁለት ሳንቃ ከፍየሏ ጋጣ ነቅለው አመጡ። የገመዱ መዘውር ዝጎ ነበር፤ እሱ ላይ ግራሶ ስቀባ እጄ እስከ ክርኔ ጠቆረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃ ላይ ለቀቅናት። በአንድ በኩል ትንሽ አዘነበለች፣ ቆየችና ተስተካከለች።

«ነገ እጅሽን ስታነሺ እመጣለሁ» አሉ። «ካላነሣሽ አልመጣም። ሰዎቹ ቅር ካላቸው አላስገድድም።»

ቅዳሜ ማለዳ በታንኳዋ ወዲህኛው ዳር አደረሱኝና ተመለሱ። የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከጫካው መጀመሪያ አንዲት አጭር ቡናማ ውሻ ወጣች፤ ከኋላዋ አንድ ወፍራም አዛውንት።

«የስልኳ ልጅ!» አሉ ቬንያሚን፤ ድምፄን ለዩት። «ይቺ ብሎን ትባላለች። ብሎን፣ ሰላም በያት።»

ልነግራቸው አፌን ስከፍት ሌሎች ሁለት ሴቶች መጡ። ከዚያ አራት ሰዎች። ከዚያ አንድ ቤተሰብ። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ቆጠርኳቸው፤ ሃያ ስድስት ናቸው። ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ሁሉም ቦት ጫማ ነው ያደረጉት፣ ሳጥኑ እንዳለው።

ወረቀቴን አወጣሁ። «ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አይሰማም!» አለ አንድ ሰው።

«የጻፈችው እሷ ናት!» ብለው ቬንያሚን ጮኹልኝ። አጨበጨቡ።

«አይደለም፣ ማለቴ... እውነት አይደለም።»

«ትሑት ናት!» አሉ ቬንያሚን።

ወረቀቱን አጠፍኩት። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ ጮክ ባለ ድምፅ «ልብ ወለድ ነው» አልኩ። «በስሕተት የጫማውን ምልክት አኖርኩበት። ቤተ መጻሕፍት የለም። የዓሣ ዳቦ የለም። በቅዳሜ የሚመጣ እንግዳ የለም። አድካሚ መንገድ አስኬድኳችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ወደ ፊት ወጣ። «ስድስት ኪሎ ሜትር በጭቃ የመጣሁት ለልብ ወለድ ነው?»

«አዎ።»

«ሃያ ዓመት አንብቤያችኋለሁ። በዚያች ምልክት ነበር የማምነው።» ሚስቱን በክንዷ ይዞ ተመለሰ። ጀርባቸው ዛፎቹ ውስጥ እስኪጠፋ አየሁት። ያ ሰው ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነው ብዬ አስባለሁ።

«እሺ» አሉ ቬንያሚን። «ያቺ ታዲያ ምንድን ናት?»

ዞርኩ። ጀልባዋ ወንዙ መሐል ደርሳለች። ፕሮኮፊ ሳቬሊች ጎንበስ ቀና እያሉ ገመዱን ይስባሉ። እጄን አላነሣሁም ነበር። ጨርሶ ረስቼዋለሁ።

ዳር ሲደርሱ ቀስ ብዬ «ምነው መጡ?» አልኳቸው።

«ሦስት ሰዓት ነው» አሉ። «ሦስት ሰዓት ትነሣለች ብለሽ አይደል የጻፍሽው?» ከዚያ ሕዝቡን አዩና ጢማቸውን በእጃቸው ደበቁ፤ እንዲህ ብዙ ሰው ካዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። «ስምንት ስምንት ሆናችሁ ግቡ። ውሻዋ መሐል ትቀመጥ። ዘፈን የለም።»

በሦስት ዙር ሃያ አራት ሰው ተሻገረ። ምሰሶው እያንዳንዱን ሲቆጥር ጢክ ይላል። ማዶ ሲደርሱ አንዲት ሴት ከቅርጫቷ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። «የዓሣ ዳቦ እንዳለ አንብቤ የእኔን ከዚያኛው ጋር ላወዳድር ነበር የያዝኩት» አለች። «ተወዳዳሪ ከሌለ አንደኛ ወጣሁ ማለት ነው።»

ከዚያ ቬንያሚን ቦርሳቸውን ከፍተው ሁለት ወፍራም መጻሕፍት አወጡ። «እነዚህን የት ላስቀምጥ?»

አልገባኝም።

«‹ምን ይያዝ› የሚለው ላይ ጽፈሻል እኮ። ቦት ጫማና አንብበው የጨረሱት መጽሐፍ።»

ሌሎቹም ቦርሳቸውን መክፈት ጀመሩ። በታሪኩ ውስጥ ቤተ መጻሕፍቱ የተሞላው እንዲያ ነበር፤ እንግዳው ሁሉ አንድ መጽሐፍ ይተዋል። የጻፍኩትን ረስቼው አልነበረም፤ ሰው ያደርገዋል ብዬ ስላላሰብኩ ነው። ፕሮኮፊ ሳቬሊች የትምህርት ቤቱን ቁልፍ ከአንገታቸው አወለቁ። በሩ አብጦ ስለነበር አራት ሰው ገፋው። መደርደሪያ አልነበረም፤ መጻሕፍቱን መስኮቶቹ ሥር ባሉት ሳንቃዎች ላይ ደረደርናቸው። ቲማቲም ስለመትከል፣ የድሮ የባቡር ሰዓት ሰሌዳ፣ አንድ የግጥም መድበል፣ ሦስት የፍቅር ልብ ወለዶች፣ የትራም ሞተር ጥገና ቅጽ አንድና ሁለት። ሃያ ዘጠኝ ነበሩ። አንዲት ልጃገረድ የባቡሩን ሰሌዳ አንሥታ መሬት ላይ ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች፤ ማታ ስንመለስ እናቷ ጎትታ ነው ያስነሣቻት።

ምሰሶው ሃያ ስድስት ይላል። አራት ይጎድላል። መስከረም ውስጥ አንድ ቅዳሜ ቀርቷል።

ሰኞ ዝርዝሩን ካነበብኩ በኋላ ሁሉንም ለግላፊራ አርካዲየቭና ነገርኳቸው፤ ግራጫ ካፖርት የለበሰውን ሰው ጨምሬ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ስለዚህ አሁን እውነት ነው ትያለሽ» አሉ።

«ጀልባዋ ትሠራለች። ቤተ መጻሕፍቱ አለ። ዳቦውን አላረጋግጥም።»

«አንዴ የተሳሳተች እግር ብቻዋን አትመሰክርም። እኔ ካልረገጥኩት በአረንጓዴ አይታተምም።»

«ጉልበትዎስ?»

«ጉልበቴን ማን ጠየቀው?»

ዓርብ ወደ ማታ ድልድዩ ጋ ደርሰን መኪናው ውስጥ አደርን። ሲነጋ ቬንያሚን አንድ ጎማ ያለው ጋሪ እየገፉ መጡ፤ ስለ ግላፊራ አርካዲየቭና ጉልበት በስልክ ነግሬያቸው ነበር፤ ከትራም ወንበር የሠሩላቸው ነው። ግላፊራ አርካዲየቭና ጋሪውን ዞረው አዩት።

«ጥሩ ሥራ ነው» አሉ። «ቦርሳዬን ጫኑበት። እግረኛ በጋሪ አይሄድም።»

ብሎን ከቦርሳው ጎን ዘላ ወጣች። ስድስቱ ኪሎ ሜትር ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሁለት ጊዜ ብቻ አረፉ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያረፉት ለእኔ እንደሆነ ተናገሩ። ወንዙ ዳር ስንደርስ አሥራ ሰባት ሰዎች ከእኛ በፊት ደርሰው ቆመዋል። መጻሕፍት ይዘዋል። ፕሮኮፊ ሳቬሊች ለግላፊራ አርካዲየቭና እጃቸውን ሰጥተው አሳፈሯቸው። ጢማቸውን ተላጭተው ነበር። ምሰሶው ደጋግሞ ጢክ አለ፤ ሠላሳኛው ማን እንደሆነ አላወቅንም፤ ሁላችንም ወሬ ይዘን ነበር።

በጥቅምት እትም ሉካ እንደገና በአረንጓዴው ገጽ ወጣች፣ በሁለት ጫማ ምልክት። ከሥሩ «በመስከረም እትም ያወጣነው በጊዜው እውነት አልነበረም፤ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ማረሚያ ነበር። የፈረምኩት በራሴ ስም ነው።

በጥቅምት የመጀመሪያ ሰኞ የስረዛውን ዝርዝር አነበብኩ። ሃያ ሁለት ስሞች ነበሩ፤ ሉካ የለችበትም። ግላፊራ አርካዲየቭና ቆመው ሰሙ። ከዚያ ለስረዛ የቀረቡትን ዝርዝር አምጪ አሉኝና በእርሳስ አንድ መንደር አከበቡ። ሻይ ጠጣን፤ ቦት ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።